ቁጣና ሥነ ሥርዓት በቴኳንዶ ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ታዳጊዎችን ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ከውድድር በኋላ ወላጆች ሲያነጋግሩኝ ስለ እርግጫ ወይም ስለ ቀበቶ ቀለም የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ቁጣ ነው፤ ልጁ እያለቀሰ ስለ መውጣቱ፣ ዳኛውን ስለ መናገሩ፣ የተጋጣሚውን እጅ አልጨብጥም ስለ ማለቱ። ከታች ያሉት ከወላጆች፣ ከሠልጣኞችና ሥራውን በቅርቡ ከጀመሩ አሠልጣኞች ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ደንብ ስጠቅስ በኦሊምፒክ የሚሠራበትን የወርልድ ቴኳንዶን ነው፤ የሌላው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ የአይቲኤፍ፣ ደንብ የሚለይ ሲሆን በስሙ ጠርቼ አመለክታለሁ።

ልጄ ነጥብ ሲቆጠርበት የራስ መከላከያውን አውልቆ ወረወረ። ቅጣቱ ምንድን ነው?

ጋምጆም የሚባለው ቅጣት ነው። አንድ ጋምጆም ለተጋጣሚው አንድ ነጥብ ይሰጣል። በደንቡ የሥነ ምግባር ጉድለት ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል የዳኛን ትእዛዝ አለመፈጸም፣ ውሳኔን ተገቢ ባልሆነ መንገድ መቃወም፣ ተጋጣሚን መስደብ ወይም መተንኮስ ይገኙበታል። ዕቃ መወርወርም ከእነዚህ ጋር ይታያል። ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል በሚለው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለመደው አሠራር፣ በአንድ ዙር አምስት ጋምጆም የተቆጠረበት ተወዳዳሪ ዙሩን ተሸንፏል። ቀድሞ ሽንፈት የሚያስከትለው በጠቅላላው ግጥሚያ አሥር ሲሞላ ነበር። ስለዚህ የዛሬ ልጆች ለንዴት የቀራቸው ቦታ ከታላላቆቻቸው በጣም ያነሰ ነው።

ነገሩ ከዚህ አልፎ ተወዳዳሪው ወይም አሠልጣኙ ዳኛውን አልሰማም ካለ፣ የመሐል ዳኛው ቢጫ ካርድ አውጥቶ ጉዳዩ በውድድሩ ተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲታይ ይጠይቃል። የእግር ኳሱ ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህኛው ግን ቅጣት እንዲወሰን የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ ወላጆች አቅልለው እንዳያዩት እለምናለሁ።

«የእኔ ልጅ ሲናደድ ነው የሚያሸንፈው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ በዝርዝር ልናገር። የተናደደ ተወዳዳሪ መጀመሪያ የሚያጣው ርቀቱን ነው። እርግጫ የሚያርፈው በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሲስተካከል ብቻ ነው። ንዴት ግን ወደ ተጋጣሚው ያስጠጋዋል፤ በጣም ተጠግቶ መርገጥ ሲያቅተው ደግሞ መግፋትና መያዝ ይጀምራል፤ ሁለቱም ጥፋት ናቸው። ቀጥሎ እጁ ወደ ፊት ይሰነዘራል። በአይቲኤፍ እጅን ፊት ላይ ማሳረፍ ይፈቀዳል፤ በወርልድ ቴኳንዶ ግን ጭንቅላትን በእጅ መምታት ክልክል ነው። በመጨረሻ የዳኛው ድምፅ አይሰማውም። «ካልዮ» ተብሎ ግጥሚያው ከቆመ በኋላ ይመታል፤ ያም ሌላ ጋምጆም ነው። ብዙዎቹ በኋላ ሲጠየቁ «አልሰማሁም» ይላሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ልብ በዚያ ፍጥነት እየመታ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ዓይን አንድ ነገር ላይ ብቻ ተተክሎ ሳለ ጆሮ ሥራውን አይሠራም።

በአይቲኤፍ ደንብ ደግሞ ራስን አለመግዛት በራሱ ነጥብ የሚያስቀንስ ጥፋት ሆኖ ተጽፏል። ልጆቹ ከሚያነበንቧቸው አምስት መርሆዎች አራተኛው ራስን መግዛት ነው። ከቃላቸው ወጥቶ ወደ ምንጣፉ እንዲወርድ ማድረግ የእኛ የአሠልጣኞች ሥራ ነው።

ግለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ በእርግጫው ላይ ሙሉ ኃይሉን ሊያወጣ፣ ኪሃፑን (ሲረግጥ የሚያሰማውን ጩኸት) አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሊያሰማ ይችላል፤ ይገባዋልም። ዝም ያለ፣ ፊቱ የማይንቀሳቀስ ተወዳዳሪ ሥነ ሥርዓት ያለው ነው ብለው የሚያስቡ አሠልጣኞች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ልጃችን ለሰው እጅ እንዲነሣ አንፈልግም፤ ከእምነታችን ጋር ይጋጫል። ይገደዳል?

ሐዋሳ የብዙ እምነት ከተማ ስለሆነች ይህ ጥያቄ ከክርስቲያኖችም ከሙስሊሞችም ይመጣል፤ በአክብሮት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ግጥሚያ ሲጀመርና ሲያልቅ ተወዳዳሪዎቹ የራስ መከላከያቸውን በግራ ብብታቸው ይዘው ይቆማሉ፤ ዳኛው «ቻርዮት» ሲል ቀጥ ይላሉ፣ «ክዮንግሬ» ሲል ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ። ይህ የግጥሚያው አካል ነው፤ መዝለል አይቻልም። አምልኮ ግን አይደለም። ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን አንገታችንን ዝቅ እንደምናደርገው ያለ ሰላምታ ነው። ወደ ውድድር ከመድረሳችሁ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ምንጣፉ ላይ ቆሞ በወላጁና በዳኛው መካከል እንዲመርጥ ማድረግ ጭካኔ ነው።

ዳኛው በግልጽ ተሳስቷል። ዝም ማለት አለብን?

ዝም ማለት የለባችሁም። መናገር ያለበት ሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም አሠልጣኙ። በትልልቅ ውድድሮች አሠልጣኙ የቪዲዮ ምልከታ መጠየቂያ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱን ወዲያውኑ አንሥቶ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጠይቃል፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ካርዱ ይመለስለታል፣ ካልተገኘ ያጣዋል። ስለዚህ በንዴት የሚያነሣ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ደቂቃ ካርዱን ያባክንና ልጁ በእውነት ሲበደል ባዶ እጁን ይቀራል። የቪዲዮ መሣሪያ በሌለበት የከተማ ወይም የክልል ውድድር የተቃውሞው መንገድ በአዘጋጁ መመሪያ ይወሰናል። ወጣት አሠልጣኞች ሆይ፣ ይህን የምትጠይቁት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በቡድን መሪዎች ስብሰባ ላይ ነው፤ ማን ይቀበላል፣ በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ የሚከፈል ገንዘብ አለ ወይ። መንገዱን ሳያውቅ የተበደለ ሰው የሚቀረው መጮህ ብቻ ነው፤ ብዙ ጩኸት የሰማሁትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለት የኦሊምፒክ ታሪኮችን ለሠልጣኞቼ ሁልጊዜ ጎን ለጎን እነግራቸዋለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ የኩባው አንሄል ማቶስ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ ያገኘ ሰው፣ ከካዛኪስታኑ አርማን ቺልማኖቭ ጋር ለነሐስ ሜዳሊያ ይጋጠም ነበር። በሁለተኛው ዙር ተጎድቶ ለሕክምና ተቀመጠ። ለጉዳት የሚፈቀደው አንድ ደቂቃ አለፈና ግጥሚያው ለተጋጣሚው ተሰጠ። ማቶስ ተነሥቶ ስዊድናዊውን የመሐል ዳኛ ቻኪር ቼልባትን ፊቱ ላይ ረገጠው። እሱም አሠልጣኙም ዕድሜ ልክ ታገዱ።

ከአራት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ በሻሞላ ግጥሚያ፣ ኤፔ በሚባለው ዓይነት፣ የደቡብ ኮሪያዋ ሺን ኣ ላም በግማሽ ፍጻሜ ከጀርመናዊቷ ብሪታ ሃይደማን ጋር እኩል ሆና አንዲት ሰከንድ ቀርታት ነበር። ሰከንዷ ብታልቅ ለፍጻሜ የምታልፈው ሺን ነበረች። ግጥሚያው ደጋግሞ ቢጀመርም ሰዓቱ በዚያችው አንድ ሰከንድ ላይ ቆየ፤ በዚህ መካከል ጀርመናዊቷ ነጥብ አስቆጠረች። በሻሞላ ደንብ ከመጋጠሚያው መስመር የወረደ ውሳኔውን እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። ስለዚህ አሠልጣኞቿ ይግባኙን በጽሑፍ ሲያቀርቡ እሷ እዚያው ተቀምጣ፣ በሺዎች ፊት እያለቀሰች፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀች። ማንንም አልነካችም፣ ማንንም አልሰደበችም። ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

ልጆቹ «ታዲያ እሷም ተሸነፈች» ይሉኛል። አዎ፣ ተሸነፈች፤ የነሐሱንም ግጥሚያ አጣች። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ኦሊምፒክ ከቡድን ጓደኞቿ ጋር ወደ መስመሩ ተመልሳ ብር አገኘች። ማቶስ ወደ ምንጣፍ አልተመለሰም።

ተጋጣሚው ሰድቦታል። ልጄ ከግጥሚያው በኋላ እጁን አልጨብጥም ቢል ጥፋቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስድቡን እንይ። ተጋጣሚን መስደብ ራሱ ጋምጆም የሚያሰጥ ጥፋት ስለሆነ ልጁ ዞር ብሎ ለአሠልጣኙ ይንገር፤ አሠልጣኙ ለመሐል ዳኛው ያሳውቃል። ስድብን በስድብ የመለሰ ልጅ ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ እኩል ተከሳሽ ይሆናል፤ ዳኞች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ሁለተኛውን ድምፅ ነው።

እጅ መጨባበጥን በተመለከተ፣ በዳኛው ትእዛዝ እጅ መንሣት ግዴታ ነው፤ መጨባበጡና የተጋጣሚን አሠልጣኝ ሄዶ ሰላም ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። በሻሞላ ይህ ጉዳይ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ሚላን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ዩክሬናዊቷ ኦልጋ ሃርላን ሩሲያዊቷን አና ስሚርኖቫን አሸነፈች፤ ከዚያም እጇን አልጨብጥም ብላ የሰይፏን ጫፍ ዘረጋች። መጨባበጥ በዚያን ጊዜ በደንቡ ግዴታ ስለነበር ጥቁር ካርድ ተሰጥቷት ከውድድሩ ወጣች። ከቀናት በኋላ እገዳው ተነሣላት፤ ዓለም አቀፉ የሻሞላ ፌዴሬሽንም ከርቀት ሰላምታ መስጠት እንዲበቃ ደንቡን ቀየረ። በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ በግል ነሐስ፣ በቡድን ወርቅ አገኘች።

ይህን ታሪክ የሰሙ ወጣቶች «እሷ ከቻለች እኔም» ይላሉ። የሃርላን አገር በጦርነት ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሳደበ ልጅ ጋር ይህን ማመሳሰል ለእሷም ሐዘን ክብር መንፈግ ነው። ልጅዎ እጁን መዘርጋት በእውነት ካቃተው፣ በደንብ ጎንበስ ብሎ እጅ ይንሣና በጸጥታ ይውረድ። አስገድዶ ማጨባበጥን አልወድም፤ ጥርሱን ነክሶ የጨበጠ ልጅ የሚማረው ማስመሰልን ነው።

ወላጆች ከዳር ሆነን መደገፍ አይፈቀድልንም?

ይፈቀዳል። ልጆቹም ይፈልጉታል። የምትሉት ነገር ግን ወሳኝ ነው። የምናዘጋጃቸው ውድድሮች የሚካሄዱት ድምፅ በሚያስተጋባ አዳራሽ ነው፤ ተመልካች ከምንጣፉ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይቆማል። «በለው!»፣ «ስበረው!»፣ «ዳኛው ተገዝቷል!» የሚለው ቃል ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በግልጽ ይሰማዋል። የእሱ ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚውም እናት እዚያው ቆማለች።

እኔ በዓመታት የደረስኩበት እምነት ይህ ነው፤ ምንጣፍ ላይ የምናየው የልጆች ቁጣ አብዛኛው ከዳር የመጣ ነው። ልጁ ነጥብ ሲቆጠርበት መጀመሪያ የሚያየው የውጤት ሰሌዳውን አይደለም፤ አባቱን ነው። አባቱ እጁን ካወናጨፈ ልጁም ያወናጭፋል። አባቱ በእጁ «ተረጋጋ» ካለው ትከሻው ሲወርድ ከዚህ ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። ስለዚህ ስሙን ጥሩት፣ አጨብጭቡለት፣ ጥሩ ሲሠራ «ጎበዝ!» በሉት። ምን እንደሚረግጥ መንገሩን ለአሠልጣኙ ተዉለት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያዝዘው ግራ ይጋባል፣ ከግራ መጋባቱም ንዴት ይወለዳል።

ሌላው ቦታ ባጃጁ ነው። ከአዳራሹ ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ «ለምን እንዲህ አላደረግህም?» ብላችሁ አትጀምሩ። ውኃ ይጠጣ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ራሱ ሲያነሣው ስሙት። ለሽንፈት የሚሰነዘር ስድብ በቀጣዩ ውድድር ላይ በሌላ ሰው ላይ ሲወጣ እናየዋለን።

ልጄ ሴት ናት። ስትናደድ ሁሉም «ለሴት ልጅ ነውር ነው» ይላታል። እናንተም ለየት አድርጋችሁ ታያላችሁ?

በደንቡ ጋምጆም ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ በምንጣፋችንም አንድ መሆን አለበት። ወንድ ልጅ ሲጮህ «ወኔ አለው» ብሎ፣ ሴት ልጅ ስትጮህ ፊቱን የሚያኮሳትር አሠልጣኝ አይቻለሁ። በዚህ የተነሣ ኪሃፓቸውን ውጠው የሚታገሉ ጎበዝ ልጆች አሉን፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። ሴት ልጅዎ ጥፋት ስታጠፋ እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ትቀጣ። በጥፋቱ ምትክ ሴትነቷ ሲወቀስ ግን እባክዎ ዝም አይበሉ።

ዕድሜዬ 16 ነው። በግጥሚያ መካከል ንዴቱ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?

መምጣቱን በማወቅህ ብዙውን ሥራ ጀምረሃል። ዳኛው «ካልዮ» ሲል ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሂድ፤ ስትሄድ ትንፋሽህን በአፍህ በረጅሙ አውጣ። ማስገባቱ በራሱ ይመጣል፤ ሥራህ ማውጣቱ ነው። ዓይንህን ከተጋጣሚህ ፊት አንሥተህ ደረቱ ላይ አሳርፍ። ፊት ንዴትህን ያባብሳል፤ ደረቱ ግን እርግጫው ከየት እንደሚመጣ ይነግርሃል። ጊዜ ለማግኘት ብለህ መከላከያህን አሁንም አሁንም አታስተካክል፤ ግጥሚያን ማዘግየት ራሱ ያስቀጣል።

በዙሮች መካከል ያለችው አንድ ደቂቃ ያንተ ናት። ተቀመጥ፣ ውኃ ተጉመጥመጥ፣ አሠልጣኝህ የሚነግርህን አንድ ነገር ብቻ ያዝ። ይህን ሁሉ በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ብትሞክረው አይሠራልህም። ጓደኛህ ሆን ብሎ በሚያበሳጭህ፣ ነጥብ በሐሰት በሚቆጠርብህ ልምምድ ላይ ተለማመደው። እኛ ዘንድ የተሳሳተ ዳኛ መስሎ የሚዳኝ ሰው አቁመን እናጋጥማለን፤ መጀመሪያ ያለቀሱ ልጆች ከጥቂት ወራት በኋላ ትከሻቸውን ነቅንቀው ይቀጥላሉ።

ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግብና ውኃ ይተዋል፤ በዚያ ሰሞን ቤቱን ሁሉ ይነጫነጭበታል።

ውኃ ያጣ፣ የተራበ ሰውነት ቁጣውን ሊገዛ አይችልም፤ ይህን በሥነ ሥርዓት ትምህርት አታስተካክሉትም። በኦሊምፒክ የወንዶች ምድብ ከ58፣ ከ68 እና ከ80 ኪሎ በታች እንዲሁም ከ80 በላይ፣ የሴቶች ከ49፣ ከ57 እና ከ67 በታች እንዲሁም ከ67 በላይ ነው። አንድ ታዳጊ በዚህ መካከል ቢወድቅ ወደ ታች ለመውረድ መድረቅ የለበትም። እያደገ ያለ ልጅ በተፈጥሮ ክብደቱ ይጋጠም። አሠልጣኙ ሌላ ቢል ምክንያቱን ይጠይቁት።

የጾም ወቅት ላይ ውድድር ከገጠመ ደግሞ ልጁ የሚጋጠምበትን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ጾሙን መያዝ ወይም አለመያዝ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ አሠልጣኙ ግን ያውቅ ዘንድ ይነገረው።

የሚጮኸው አሠልጣኙ ራሱ ቢሆንስ?

የአሠልጣኝ ጥፋት ጋምጆሙ የሚመዘገበው በልጁ ላይ ነው። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ነጥብ ያጣል ማለት ነው፤ ይህን ለአሠልጣኙ ማስታወስ የወላጅ መብት ነው። በልጆቹ ፊት ግን አይሁን። ልጆቻችን ማስተራቸውን በአደባባይ ሲወቀስ ማየት ያሳፍራቸዋል፤ እነሱም ሊናገሩት አይደፍሩም። ልምምድ ካለቀ በኋላ ለብቻው ያነጋግሩት። ልጁን የሚመታ ወይም በስድብ የሚያዋርድ ከሆነ ጉዳዩ ከምክር አልፏል፤ ልጁን ያውጡት፣ ለሚመለከተው የስፖርት ጽሕፈት ቤትም ያመልክቱ።

ቁጣው እየባሰበት ነው። ከስፖርቱ ላስወጣው? ወይስ ቀበቶው ለጊዜው ይወሰድበት?

ቀበቶውን አይውሰዱበት። ቀበቶ በፈተና የተገኘ የችሎታ ምልክት ነው፤ ፈተናው ያልሻረውን፣ ቁጣ ሊሽረው አይገባም። ከውድድር ለአንድ ጊዜ ማሳረፍ ግን ተገቢ ቅጣት ነው፤ ልምምዱን እየቀጠለ፣ በውድድሩ ቀን ዶቦኩን (የቴኳንዶ ልብሱን) ለብሶ ውኃ እያቀበለና ነጥብ እየመዘገበ ቢውል ከዳር ሆኖ ብዙ ያያል።

ከስፖርቱ ማስወጣቱን ከመወሰንዎ በፊት ቁጣው የት የት እንደሚታይ ይለዩ። ምንጣፍ ላይ ብቻ ከሆነ የእኛ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይስጡን። ትምህርት ቤትም፣ ቤትም፣ እንቅልፉም ላይ ከታየ፣ ወይም ታናናሾቹን መምታት ከጀመረ፣ ከመምህሩ ጋር ይነጋገሩና ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። ለአሠልጣኙም ይንገሩት፤ ልጁ በዚያ ሰሞን ግጥሚያ ትቶ ያለ ተጋጣሚ የሚሠራውን የቅርጽ ልምምድ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ እንችላለን።